ለጫካ የተመረጠች መነጽር

ወሰንየለሽ ባሏን እንደምትወደው አገር ያውቃል። አገር የማያውቀው፣ በነሐሴ መጨረሻ ባሏ ተኩሶ ለጥቂት እንደሳታት ነው። ምን አገሩ፣ ተኳሹ ራሱ አያውቅም! ጉድ እኮ ነው! ሰው ሚስቱ ላይ ጥይት ተኩሶ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከእጇ እራት ይበላል? ባሏ ባዘዘው ግን በላ። እንዲያውም ወጡን አመሰገነ።

ሰውዬው ክፉ እንዳይመስላችሁ። ባዘዘው ማለት ጥጃ ሞተብኝ ብሎ እህል የሚያቆም ወንድ ነው። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው ከቴፒ ወጣ ብሎ ጫካ ጥግ የሰፈሩ ናቸው። እሱ በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ግማሹን አገር በእግሩ አቋርጦ እነሱ ዘንድ መጣና በዚያው ቀረ። ወሰንየለሽን አገባ፣ ቡና ተከለ፣ በቆሎ ዘራ፣ ልጆች ወለደ። መንደርተኛውም የወታደር እጅ አለው ብሎ የቀበሌውን ምንሽር ጠመንጃ ለእሱ አስረከበው።

ሥራው አሳማ መግደል ነው። የጫካ አሳማን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀልድ ይመስላል። መንጋው አንድ ጊዜ በቆሎ ውስጥ ከገባ የአንድ ቤት የዓመት ቀለብ ረግጦ፣ ሰባብሮ፣ አርሶት ይሄዳል። ጎደሬውን ምሶ፣ እንሰቱን ነቅሎ፣ ባለቤቱን ለማኝ አድርጎ ነው የሚተወው። እንግዲህ አሳማ የሚጥል ሰው በዚያ መንደር ምን ያህል እንደሚከበር ገምቱት። ሠርግ ላይ ቦታ ይለቀቅለታል፤ ዕድር ላይ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ባዘዘውም፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ይህችን ክብር ይወዳታል። ሌላ ምን አለው?

ዓይኑ ግን ደክሟል። ፀሐይ ሲሆን ደህና ነው። ደመና ሲመጣና ጫካው ሲጨልም ነገር ሁሉ ይደባለቅበታል። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ወሰንየለሽ ግን አንድ ቀን ማለዳ የገዛ ዶሮዋን “ሂድ፣ አንተ ድመት!” ብሎ ሲያባርር አይታው፣ ከት ብላ ስቃ ስታበቃ ፈርታለች።

የነሐሴው ነገር እንዲህ ነው። ኮረሪማ እንደ ቡና የታወቀ ባለቤት የለውም። ጫካ ውስጥ ትልልቅ ዛፍ ሥር በራሱ ይበቅላል፣ ቀይ ፍሬውንም ከቅጠሉ ሥር መሬት ላይ ይደብቃል፤ ቀድሞ ያገኘው ይለቅመዋል። ስለዚህ ሴት ሁሉ የራሷ ስፍራ አላት። ስፍራዋን ለእህቷ እንኳ አታሳይም። ወደዚያ ስትሄድ መንገድ ታሳስታለች፤ ከደረሰች በኋላ አትዘፍንም፣ አታወራም፣ ሳሏን እንኳ ትውጠዋለች። ዝናብ ቢጥል ላስቲክ አትለብስም፤ ላስቲክ ይንኮሻኮሻል፣ ያሳብቃል። የምትለብሰው ገሳ ነው፣ ያ ከሣር የተጎነጎነው የጥንቱ የዝናብ ልብስ። አሁን እስቲ አስቡት፦ ጥላ የዋጠው ጫካ፣ ካፊያ፣ ቡናማ ጠጉራም ነገር የደረበ ጎንበስ ያለ ፍጥረት፣ መሬቱን እየጫረ። ምን ይመስላል? አሳማ ነዋ!

ወሰንየለሽ የሰማችው ድምፁን ብቻ ነው። ጧ! ትከሻዋን የሆነ ነገር መንጭቆ አለፈ፣ በግንባሯ ተደፋች። ጭቃው አፏ ውስጥ ገብቶ ተኝታ ሳለ “ሳትኩት! ኤዲያ!” የሚል ድምፅ ሰማች። የባሏ ድምፅ ነው። ልትጮህ ብላ ተወችው፤ ከተነቃነቀች ሊደግም ነው። እዚያው እንደተደፋች ቆየች፣ ዳናው እስኪርቅ፣ ዝናቡ አጥንቷ ድረስ እስኪገባ።

ማታ ባዘዘው እየተበሳጨ ወሬውን አመጣው።

“ዛሬ አንድ አውራ አሳማ አመለጠኝ! ጥጃ ያህላል።”

“ጥጃ ያህላል?” አለች ወሰንየለሽ፣ ወጡን እያማሰለች።

“ኧረ ይበልጣል! ወፍራም ነው። ደግሞ እኮ ምንም አልደነገጠም፣ ዝም ብሎ ይጭራል።”

ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣባት። ልትነግረው አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ፊቱን አየችና ዘጋችው። ጥጃ ሲሞት እህል የሚያቆም ሰው፣ ሚስቴን ልገድል ነበር ብሎ ቢያውቅ ያን ምንሽር ወደ ማን እንደሚያዞረው ማን ያውቃል? ሆድ ይፍጀው አለች። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ሲመጣ ይባስ ከበዳት። ነገር ሲያድር ይቀላል ያለው ማን ነው? ዋሽቷል። የገሳዋን የተቀደደ ትከሻ በአዲስ ሣር ጎንጉና ጠገነችው፤ ሆዷን ግን የሚጠግን አላገኘችም።

ምክንያቱም ባዘዘው ነገም ይወጣል። ጫካው ውስጥ የምታጎነብሰው ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም። ጎረቤቷ ትርፌ አለች፣ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በኮረሪማና በበቆሎ የምታሳድግ። የትርፌ ገሳ ከእሷ ገሳ በምን ይለያል? የሚቀጥለው ጥይት ላይስት ይችላል። ባሏ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ፣ እሷም እያወቀች ዝም ያለች ሆና ልትኖር ነው። ይህን እያሰበች እንቅልፍ አጣች።

መነጽሩ ያኔ ነው የታሰባት። ወፍ ለማየት ብለው በዚያ ያለፉ ፈረንጆች አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት አይታለች። ቅጠል ውስጥ የተደበቀች ሚጢጢ ወፍ በእሱ ለይተው ስሟን ሲጠሩ ሰምታለች። ወፍን ከወፍ የሚለይ ነገር ሰውን ከአሳማ መለየት ያቅተዋል?

“መነጽር እንግዛልህ” አለችው፣ የመጀመሪያውን ቡና እንደሸጡ።

“የምን መነጽር?”

“የሩቁን የሚያቀርበውን። አውራው አሳማ ዳግመኛ እንዳያመልጥህ።”

ባዘዘው ፊቱ እንደ ልጅ በራ። የመጨረሻውን ቃል ስትናገር ፊቷን ማዞሯን ልብ አላለውም።

በመስከረም ቴፒ ገበያ ወጡ፣ ወደ ታፈሰ ሱቅ። ታፈሰ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ቴፒ ላይ ፀጉሩ የሸበተ ነጋዴ ነው፤ የመጨረሻ ልጃቸውን ክርስትና ስላነሳ አበልጃቸውም ነው። ሱቁ ውስጥ የሌለ ነገር የለም ይባላል።

“መነጽር አለህ፣ አበልጄ?” አለው ባዘዘው።

“የማንበቢያ?”

“ምን አነባለሁ ብለህ! የማደኛ ነው እንጂ።”

ታፈሰ መሰላል ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ ሁለት አወረደ። አንደኛው ትልቅ፣ አረንጓዴ፣ ባለ ቆዳ ማንገቻ ነው፤ ሲያነሱት ክንድ ያወርዳል። ሁለተኛዋ ተጣጥፋ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ሁለት የክር በከራ ጎን ለጎን የታሰረ የምትመስል ሚጢጢ ናት።

“ይሄ አሥራ ሁለት እጥፍ ያቀርባል” አለ ታፈሰ ትልቁን በጨርቅ እያሸ። “ይቺ ስድስት ብቻ ናት። ኳስ ሜዳ ይዘዋት ይገባሉ እንጂ አደን የሚወጣባት አላየሁም።”

ባዘዘው ትንሿን ዘወር ብሎም አላያት። ትልቁን ይዞ በረንዳ ላይ ወጣና ወደ መንገዱ ጫፍ አነጣጠረ። “ወይ አምላኬ!” አለ። “የአይሱዙው ሹፌር ጥርሱን ሲፍቅ አየሁት! መፋቂያውን ከዚህ ጥርስ ወደዚያ ጥርስ ሲያዞረው!” መንገደኛው ተሰበሰበ። አንዱ ልይ ይላል፣ አንዱ ሹፌሩን በስም ይጠራል፣ ሳቅ ሆነ። ባዘዘው ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ “ሻለቃችን ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥለው እንዲህ ያለውን ነበር። እኔ ተራ ወታደር ነኝ፣ አንድ ቀን እንኳ አላስነካኝም” አላት።

ወሰንየለሽ ይግዛው፣ ደስ ይበለው ልትል ምንም አልቀራትም። ከዚያ ግን ትንሿን አንስታ ዓይኗ ላይ አደረገችና ወደ ሱቁ ውስጥ፣ ወደ ጨለማው ጥግ ዞረች። የተደረደሩትን ጆንያዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ አየቻቸው፤ ከጆንያዎቹ መሃል የተኛችውን ድመት ወዲያው አገኘቻት። ትልቁን ተቀብላ እዚያው ጥግ ላይ ስታነጣጥር አንድ ጆንያ፣ እሱም ደብዛዛ፣ እሱም የሚንቀጠቀጥ፤ ድመቷን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣቻት።

“አሳማው ጋምቤላ ነው እንዴ ያለው?” አለች ጮክ ብላ።

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ባዘዘው ቀላ።

“ምን ማለትሽ ነው?”

“እኛ ጫካ ውስጥ ከድንጋይ ውርወራ ያለፈ ነገር ይታያል? ሹፌር አይደለም የምታድነው።”

“አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ የወንድ ዕቃ ነው!”

“የወንድ ይሁን የሴት ጫካው ይምረጠው። አበልጄ፣ ሁለቱንም ስጠን፤ ያልሆነንን በሚመጣው ገበያ እንመልስልሃለን።”

ታፈሰ ባዘዘውን አየ፣ ወሰንየለሽን አየ፣ ከሁለቱ ማን እንደሚያስፈራ ወዲያው ገባው። ሁለቱንም ጠቅልሎ ሰጣት።

በማግስቱ ከሰዓት ሰማዩ ዳምኖ ነበር። ወሰንየለሽ “አንተ እንደ ልማድህ ከወደቀው ግንድ ላይ ተቀመጥ፣ እኔ አንድ ነገር ላስቀምጥና ልይህ” ብላ ቀደመች። ከመሄዷ በፊት ጥይቱን ሁሉ ተቀበለችው። “ምን ነካሽ?” አላት። “ስጠኝ ብያለሁ” አለችው። በዚያ ዓይነት ድምፅ ስትናገር ከዚህ በፊት ሰምቷት ስለማያውቅ ሰጣት።

ገሳዋን ይዛ ገባች። ሌላ ቦታ ሞልቶ ሳለ እግሯ ለምን ወደዚያው ወደተተኮሰባት ስፍራ እንደወሰዳት ለራሷም አልገባትም። ወይስ ገብቷት ነበር? በኮረሪማው መሃል ያለ ጉቶ ላይ ገሳውን አልብሳ ተመለሰችና ከባሏ ኋላ ቆመች።

“እስቲ ከዚያ ትልቅ ዛፍ ሥር ምን ይታይሃል?”

ባዘዘው ዓይኑን አጥብቦ አየ። “አሳማ!” አለ በሹክሹክታ፣ እጁ ወደ ምንሽሩ እየሄደ። “ጥይቱን! ቶሎ በይ!”

“በትልቁ እየው መጀመሪያ።”

ትልቁን አነሳ። ቅጠል። ሌላ ቅጠል። የግንድ ቅርፊት። “የት ሄደ?” እያለ ወዲያ ወዲህ አንከራተተው። በተነፈሰ ቁጥር ጫካው ሁሉ ይዘላል። ክንዱ ዛለ፣ ማንገቻው ከምንሽሩ ጋር ተጠላለፈ፤ አገኘሁት ሲልም የሆነ ቡናማ ጭጋግ ብቻ ነው።

“በትንሿ እየው እስቲ።”

እያጉረመረመ ባንድ እጁ አነሳት። “አሳማ አይደለም” አለ ቆይቶ።

“ታዲያ ምንድን ነው?”

“ገሳ ነው። ጉቶ የለበሰው ገሳ! አንቺ፣ ልትፈትኚኝ ነው?” ሳቀ። “ጥሩ ናት እባክሽ፤ ዛፉንም ቁጥቋጦውንም ባንዴ ሰብስባ ነው የምታሳየው። ትከሻው ላይ ነጣ ያለችውም ሣር ሳትቀር…”

ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። መነጽሯን ከዓይኑ ሳያወርድ “የአንቺ ገሳ አይደለም እንዴ?” አለ። ወሰንየለሽ አልመለሰችም። “ትከሻው ለምን ተጠገነ?” መነጽሯን አወረደና የተቀመጠበትን ግንድ በእጁ ዳሰሰው። ዛፉን አየ። መልሶ ግንዱን አየ።

“ወሰን።”

“አቤት።”

“ያ አውራ አሳማ…” አለና መጨረስ አቃተው።

ወሰንየለሽ ከአፏ ቃል ከመውጣቱ በፊት እንባዋ ቀደመ፤ ያን ሁሉ ቀን ያልወጣ እንባ። ባዘዘው ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ምን ብዬ?”

“ገደልከኝ ብለሽ!”

“አልገደልከኝማ።”

“ወጡ ይጥማል ስልሽ ዝም ትያለሽ? ጎንሽ ስተኛ ዝም ትያለሽ? እኔ ምንሽ ነኝ? እንግዳ ነኝ?”

“ራስህን ብታጠፋብኝስ?” ብላ ጮኸችበት። “ከጥይቱ ተርፌ አንተን ልቅበር?”

ያለቅሳል ብላ ጠበቀችው፣ አላለቀሰም። ጥጃ ሲሞት የሚያለቅሰው ሰው የሚስቱን ነገር ሲሰማ እንባ አጣ፤ ይሄ ከለቅሶው ይልቅ አስፈራት። ተነስቶ ወደ ጉቶው ሄደ፣ ገሳውን አንስቶ የተጠገነውን ቦታ በጣቱ ዳበሰው፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ታቅፎት ወደ ቤት ገባ። በዚያ ሳምንት ሁሉ በቀን ሦስት ቃል ቢናገር ነው። ወሰንየለሽ የምንሽሩን ጥይት ከእህል ጎተራው ሥር ቀበረችው።

በገበያው ቀን ትልቁን መለሱ። ታፈሰ “አሻንጉሊቷን ያዛችሁ ማለት ነው?” ብሎ ሊስቅ ጀምሮ የባዘዘውን ፊት ሲያይ ተወው።

በጥቅምት አሳማው በረታ። መንጋው በትርፌ ማሳ አጠገብ ካለው ጥሻ ገብቶ መዋል ጀመረ፤ መንደሩ ለአደን ተጠራ። ወጉ የታወቀ ነው፦ ሴቱና ልጁ ቆርቆሮ እየደበደበ ከወዲያ በኩል ያስጨንቃል፣ አሳማው በማምለጫው በኩል ይወጣል፣ ማምለጫው ላይ ተኳሹ ይጠብቃል። ወሰንየለሽ ጥይቱን ከጎተራው ሥር አውጥታ በገዛ እጇ ሰጠችው። መነጽሯ አለች፣ ዓይኑ ተጠግኗል፣ እንግዲህ ምን ቀረ? ልቧ እንዲህ ሊያሳምናት ሞከረ።

ቆርቆሮው ተደበደበ፣ ሰው ጮኸ። የመጀመሪያው አሳማ ከጥሻው ሲወጣ ባዘዘው መነጽሯን አነሳ። አጥርታ አሳየችው፤ ጆሮውን፣ ጥርሱን፣ የጀርባውን ጠጉር። አሳማ ነው። እሱ ግን ማየቱን አላቆመም። ከጠጉሩ ሥር ሻሽ ፈለገ። እጅ ፈለገ። ፊት ፈለገ። አሳማው አለፈ። “ተኩስ!” ይላል ሰው። ሁለተኛው ወጣ፣ እሱንም እንደዚያው እያየ አሳለፈው። “ምን ሆንክ አንተ ሰው? ተኩስ እንጂ!” መንጋው በሙሉ በአፍንጫው ሥር አልፎ በትርፌ በቆሎ ውስጥ ገባ፣ ያን ማሳ እንዳልነበረ አደረገው። ባዘዘው መነጽሯን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ፣ ምንሽሩ ጭኑ ላይ እንደተጋደመ ተገኘ።

ትርፌ እዚያው ማሳ መሃል ቆማ የተሰባበረውን አገዳ እያነሳች “ልጆቼን ምን ላብላቸው? አንተ መነጽርህን አብላልኝ!” እያለች ረገመችው። ወሰንየለሽ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

በሳምንቱ እሑድ መንደሩ ተሰብስቦ ምንሽሩ ለሕዝቅያስ ይሰጥ አለ። ሕዝቅያስ ሚስት ካገባ ገና ዓመት ያልሞላው፣ እግሩ እንደ ድኩላ የሚፈጥን፣ ዓይኑ የሚያይ ጎበዝ ነው። ባዘዘው ያለ አንዳች ክርክር አስረከበ። ከዚያ ሳይቀመጥ ቆመ። ወሰንየለሽ ምን ሊል እንደሆነ ገባትና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

“ሕዝቅያስ፣ ይቺንም ውሰድ” አለ መነጽሯን ዘርግቶ። “ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት። ትልቁን ሞክሬዋለሁ፣ ለሜዳ ነው፤ ለእኛ ጥላ ይቺ ናት የምትሆነው። እጅህ ምንሽሩ ላይ ሆኖ ባንድ እጅህ ታያለህ። ሳታይባት እንዳትተኩስ።” ወደ ሕዝቡ ዞረ። “እኔ በነሐሴ ሚስቴ ላይ ተኩሻለሁ። ወሰንየለሽ ላይ። ከዚያ ከወደቀው ግንድ ላይ ሆኜ፣ ኮረሪማ ስትለቅም፣ አሳማ መስላኝ። እግዚአብሔር ነው ያተረፋት።”

ዝምታ ሆነ። ወሰንየለሽ ያ ዝምታ ደስ አላት፤ በመጨረሻ ሰው ሊሰማ ነው አለች። ከዚያ ከኋላ አንዱ “ለካ ዓይኑ ጠፍቶ ኖሯል!” አለ፤ ሌላው “እኛ ደግሞ ለዕውር ጠመንጃ ሰጥተን!” አለ፤ ማጉረምረም ሆነ፣ ሳቅም ነበረበት። ሕዝቅያስ በአክብሮት ብድግ ብሎ “ጋሽ ባዘዘው፣ እኔ ዓይኔ ደህና ነው። መነጽሯ ለእርስዎ ትሁንልዎ” አለው። ባለጌ አልነበረም፤ ከልቡ አዝኖለት ነው። ባዘዘው እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

ሲበተኑ ትርፌ ወሰንየለሽን ጠጋ ብላ “እግዜር አተረፈሽ፣ እህቴ” አለቻት። ከዚያ ወደ ጫካው አየት አድርጋ “ስፍራሽ ለካ በግንዱ በኩል ኖሯል” አለች። ወይ ሰው! ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማችው ይህችኑ ነው።

ኅዳር ገባ፣ ዝናቡ ግን አላቆመም። ኮረሪማው ቀልቷል። ወሰንየለሽ ላስቲክ ለብሳ ለመሄድ ሞክራ እሾሁ ባንድ ቀን በጣጠሰባትና ገሳዋን አወረደች። ባዘዘው አይቶ ብድግ አለ።

“አብሬሽ እሄዳለሁ።”

“ወዴት? ወንድ ኮረሪማ ሲለቅም የት አይተህ ታውቃለህ?”

“ዛሬ ይዩኝ” አላት። አደን ከቀረበት ወዲህ ሠርግ ላይ ቦታ የሚለቅለት የለም፤ የሚያፍርበትም ነገር አልቀረውም።

ስፍራው እንደደረሱ ባዘዘው መነጽሯን አውጥቶ ዙሪያውን ቃኘ። ዛፍ፣ ሐረግ፣ ጉቶ፣ የኮረሪማ ቅጠል። ሰው የለም አላትና ጎንበስ ብሎ መልቀም ጀመረ። አያውቅበትም፣ ያልቀላውን ሁሉ ይቀጥፋል፤ እሷ ትቆጣዋለች፣ እሱ ያጉረመርማል። ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላት። ያኔ ነው ከማዶ በኩል ተኩስ የተሰማው።

የሕዝቅያስ ምንሽር ነው። ባዘዘው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ በዚያ ሳልም በሚዋጥበት ጫካ ውስጥ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

“ሰው ነን! እዚህ ያለነው ሰው ነን!”

“አንተ! ስፍራዬን!” አለች ወሰንየለሽ፣ ክንዱን እየጎተተች።

“ሰው ነን!”

ያኔ ከጎናቸው፣ ከአሥር እርምጃ ብዙ ከማይርቅ ቦታ፣ ጉቶ ያሉት ነገር ተነቃነቀ። ገሳ ነው። ከገሳው ሥር ትርፌ ቀና አለች፣ ቅርጫቷን በጉያዋ ሸጉጣ፣ በሰው ስፍራ መገኘቷ ፊቷን አቅልቶት። ባዘዘው እሷን በመነጽሯ ሁለት ጊዜ አልፏት ነበር። ዛፉን ይዞ ቆመ።

“ዝም በል እንጂ!” አለች ትርፌ በሹክሹክታ። “ሰው ይሰማሃል!”

“እንዲሰማ ነዋ! አንቺም ጩኺ!”

“ስፍራውን አገር ሊያውቀው ነው…”

ሁለተኛው ተኩስ ከፊተኛው ይልቅ ቀርቦ ተሰማ፤ ከላያቸው ቅጠል ረገፈ። ትርፌ የለበሰችውን ገሳ ጎንበስ ብላ አየች፣ የወሰንየለሽን ገሳ አየች። ቅርጫቷን መሬት ላይ ጣለችና ከሁሉም በላይ በሚሰማ ድምፅ ጮኸች።

“ሰው ነን!”